«ያላለቀ ሥራ አይታይም» ያለን ማነው?

ባለፈው ክረምት ለሥራ ማመልከቻ ጉርድ ፎቶ ፈልጌ አየር ጤና አካባቢ ወዳለች አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት ገባሁ። ኤዲተሩ ሃያ አራት ወይም ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ኮምፒውተሩ ላይ የአንድ ወጣት ፊት ተዘርግቷል፤ ጸጉሩ አፍሮ፣ የሸሚዙ ኮሌታ ሰፊ። የፊቱ ግማሽ ጸድቷል፤ ሌላው ግማሽ ገና በጭረትና በእርጥበት ነጠብጣብ እንደተሸፈነ ነው። የቆየ ጉርድ ፎቶ እያደሰ ነበር።

ተራዬን ስጠብቅ አንዲት እናት ነጠላቸውን እንዳጣፉ ገቡ። ቀጠሯቸው ቅዳሜ ነበር፤ ለቅሶ ሊደርሱ በዚያ ሲያልፉ ነው ጎራ ያሉት። ልጁ እንዳያቸው ስክሪኑን በፍጥነት ዘጋው።

«እማማ ገና ነው። ያላለቀ ሥራ አይታይም» አላቸው።

«ልየው እንጂ ልጄ፤ እህቱ እኮ ነኝ» አሉት።

አፍሮ መለሰው። እሳቸው ጠጋ ብለው ዓይናቸውን አጥብበው ካዩ በኋላ ጣታቸውን ከግራ ቅንድቡ በላይ አሳረፉ። «እዚህ ጋ የነበረችው የት ሄደች?»

«ምኗ?»

«ጠባሳዋ። ልጅ ሆኖ ከአጥር ላይ ወድቆ ያገኛት።»

ልጁ ጠባሳዋን የወረቀቱ ጭረት መስላው አጥፍቷት ነበር። ማንም በእሱ ቦታ ቢሆን ያጠፋት ነበር፤ ዙሪያዋን የሞሉት ጭረቶች እሷኑ ይመስላሉ። ችግሩ ሌላ ፎቶ የለም። ወንድማቸው በ1970 ዓ.ም. ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም፤ የቀረችው ይቺ አውራ ጣት የምታህል ጉርድ ናት። ቅዳሜ ቢመጡ ኖሮ ታትሞ ፍሬም የገባ፣ ጠባሳ የሌለው፣ የሚያምር ሰው ይጠብቃቸው ነበር። ያኔ ምናልባት አመስግነው ይዘውት ይሄዱ ነበር፤ የተከፈለበትን፣ ያለቀለትን ሥራ «አበላሸኸው» ማለት ለሰው ይከብዳል። ግድግዳ ላይ ሰቅለው በየቀኑ ሲያዩት ግን የሆነ ነገር ይጎድላቸው ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የልጁ አባባል ከአእምሮዬ አልወጣም። ያላለቀ ሥራ አይታይም። ከየት አመጣው? እናቱ ወጥ ሳይበስል ክዳን አይከፈትም ስትል ሰምቶ ይሆናል። አባቶቻችንም «ሙያ በልብ ነው» ይሉናል። እኔ ግን የዚህን ሙያ ታሪክ ትንሽ ስቆፍር፣ ፎቶ ማስተካከል ገና ከጥንቱ የተዘጋ በር ሥራ ሆኖ እንደመጣብን፣ የተዘጋው በርም ከፎቶ ቤት አልፎ ከፍ ያለ ዋጋ እንዳስከፈለን ተረዳሁ።

ከጅማሬው እንነሳ። ብዙ ጊዜ እንደሚተረከው ከሆነ የኔጋቲቭ ሪታች በሰፊው የታወቀው በ1855 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ነው። ፍራንዝ ሃንፍሽቴንግል የተባለ የሙኒክ ፎቶ አንሺ የአንድን ሰው ምስል ሁለት አድርጎ ጎን ለጎን ሰቀለ፤ አንዱ የተነካካ፣ አንዱ ያልተነካካ። ሕዝቡ ተደነቀ። ልብ በሉ፤ ሰዉን ያስደነቀው ሁለቱ ምስሎች አጠገብ ለአጠገብ መሰቀላቸው ነው። ሪታች ወደ ዓለም የወጣው «በፊት» እና «በኋላ» አብረው ታይተው ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን «በፊት» ከግድግዳው ወረደና ወደ ጓዳ ገባ። ደንበኛ የሚያየው ያማረውን ብቻ ሆነ።

ሥራው እንዲህ ነበር። ኔጋቲቭ ላይ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሆኖ ይገለበጣል። ስለዚህ ፊት ላይ ያለ የጠቆረ መስመር መስታወቱ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ መስመር ሆኖ ይታያል። ሪታች አድራጊው ኔጋቲቩን ዘንበል ባለ ሰሌዳ ላይ ያስቀምጣል፣ ከሥሩ በመስታወት ብርሃን ያስገባል፣ እርሳሱን እንደ መርፌ ይቀርጽና ያቺን ስስ መስመር በነጥብ በነጥብ ይሞላታል። ሲታተም ሽብሽቡ ይጠፋል። የበዛውን ጥቁረት ለመቀነስ ደግሞ በምላጭ መፋቅ ነው። እጅ አንዴ ከሳተ መመለሻ የለም፤ መስታወቱ አንድ ነው። ከዚያም የታተመው ፎቶ ላይ ቀለም የሚቀቡ ነበሩ፤ ጉንጭ በጥጥ ቀላ ይደረጋል፣ የአንገት ሐብል ወርቅማ ይሆናል። በአያቶቻችን ሳሎን የተሰቀሉትን እነዚያን ቀያይ ከንፈሮች የማያስታውስ የለም።

ይህ ሙያ ወደኛ የመጣው በአብዛኛው በአርመኖች እጅ ነው። አርመኖች በኦቶማን ግዛት ከፎቶግራፍ ቀደምቶች ነበሩ፤ በኢየሩሳሌም የቅዱስ ያዕቆብ ገዳም ግቢ ውስጥ፣ በኋላ ፓትርያርክ የሆነው ኢሳይ ጋራቤድያን በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ተማሪ ሰብስቦ ፎቶግራፍ ያስተምር ነበር። ወደ አዲስ አበባ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የመጣው ቤድሮስ ቦያጅያን የምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮም ሥራውን ተረከቡ። ቶርኮም፣ ብዙዎች ቶኒ የሚሉት፣ ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሠርቷል። እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። በኢየሩሳሌም በገዳም ግቢ በማስተማር የተስፋፋው ሙያ እኛ ዘንድ ሲደርስ ከአባት ወደ ልጅ የሚሻገር የቤተሰብ ሙያ ሆነ። አልወቅሳቸውም፤ ስደተኛ ሰው እንጀራውን ይጠብቃል። ለረዳትነት የተቀጠሩ ኢትዮጵያውያንም በኋላ የየራሳቸውን ፎቶ ቤት ከፍተዋል። የጨለማ ክፍሉ ልማድ ግን አብሯቸው ተሻገረ፤ በሩ ዝግ ነው፣ ሲከፈት የሚወጣው ያለቀው ብቻ ነው።

«ታዲያ ምን ይጠበስ?» የሚል ይኖራል። የፎቶ ቤት ሚስጥር የፎቶ ቤት ነው። እስቲ ከፎቶ ቤት እንውጣና ወደ ቤተ መንግሥት እንግባ።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት፣ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ተሻሩ። እሳቸው በሐረር በኩል ነበሩ። ክሱ ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል የሚል ነበር። በዚያ ዘመን ኢያሱን በሙስሊም አለባበስ የሚያሳዩ ፎቶዎች ለክሱ ማስረጃ ሆነው እንደተሠራጩ ይተረካል። እነዚያ ፎቶዎች እውነተኛ ነበሩ ወይስ የተቀነባበሩ? አንዳንዱ ጣቱን ወደ እንግሊዞች ይቀስራል፤ ሌላው እዚሁ ከተማ ውስጥ በነበረ ፎቶ ቤት ተሠራ ይላል፤ ሌላው ደግሞ ኢያሱ ከሙስሊም ባላባቶች ጋር እንደነሱ ለብሰው መታየታቸው ብርቅ አልነበረም፣ ማቀነባበርም አያስፈልግም ነበር ይላል። መቶ ዓመት አልፎም ክርክሩ አልተዘጋም።

እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። በጊዜው «መስታወቱን አሳዩን» ማለት የሚችል ሰው ስንት ነበር? ሪታች ምን እንደሆነ፣ ጥምጥም ከአንዱ ራስ ወደ ሌላው እንዴት እንደሚሻገር፣ የመገጣጠሚያው መስመር የት ላይ እንደሚታይ የሚያውቁት በጣት የሚቆጠሩ ባለሙያዎች ነበሩ። መኳንንቱም፣ ካህናቱም፣ ሕዝቡም ያላለቀ ፎቶ አይተው አያውቁም። ያላለቀውን ያላየ ደግሞ ያለቀውን የሚመረምርበት ዓይን የለውም። ፎቶው እውነት ነው ያለውም፣ ሐሰት ነው ያለውም በእምነት ነው የተናገረው።

ታሪክ ራሱን ደገመ ማለት ባልወድም፣ ወሩ እንኳን አልተቀየረም። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት ደርግ በቴሌቪዥን አንድ ፊልም አሳየ። ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የወሎን ረሃብ ቀርጾ ከአንድ ዓመት በፊት በሀገሩ ቴሌቪዥን ያቀረበው ዘገባ ነበር። ደርግ ግን እንዳለ አላሳየውም፤ በረሃብተኞቹ መሐል የቤተ መንግሥት ግብዣ እየሰካካ ቆርጦ ቀጠለው። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን ወረዱ። ረሃቡ እውነት ነበር፣ ግብዣውም እውነት ነበር። አጠገብ ለአጠገብ ያስቀመጣቸው ግን አንድ እጅ ነው፤ ያ እጅ አልታየም። ያን ምሽት ያለቀሰው ሕዝብ በከንቱ አለቀሰ እያልኩ አይደለም። የሚያየው ነገር ከመድረሱ በፊት ምን ይመስል እንደነበር ያሳየው አልነበረም ነው የምለው።

አሁን ወደ ልጁ አባባል ልመለስ። ያልበሰለ ነገር ለሰው አለማቅረብ ባህላችን ነው ብለን እንደመድም ይሆን? እኔ አይመስለኝም። እንዲያውም ያላለቀ ሥራን በጉባኤ ፊት እያቀረቡ መማርን እንደኛ አጥብቆ የያዘ ባህል ብዙ የለም፤ ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ይመስክር።

የቅኔ ተማሪ ጠዋት ከጎጆው ይወጣና ዛፍ ሥር ወይም ገደል አፋፍ ላይ ለብቻው ይቀመጣል። ቆጠራ ይሉታል። ቃል ይመርጣል፣ ይጥላል፣ ሰሙን ከወርቁ ያጋጥማል። ከዚያ ይመለስና በመምህሩ ፊት ቆሞ ይናገራል። መምህሩ እዚያው ያርሙታል፤ ይህ ቤት ጎድሏል፣ ይህ ግስ እዚህ አይገባም፣ ምስጢሩ አልተፈታም። እርማቱ በጆሮ ሹክ የሚባል አይደለም፤ ሌሎቹ ተማሪዎች ተቀምጠው ይሰማሉ። የአንዱ ስህተት የሃያው ትምህርት ይሆናል። ጀማሪው በሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ሲጠነክር እያደገ እስከ መወድስ ይደርሳል። ያልተሟላ ቅኔ ይዞ መቆም አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው ሳይቆጥሩ መምጣት ወይም የሰው ቅኔ መስረቅ ነው። ዋሸራም፣ ጎንጅም፣ ዋድላም በየመንገዳቸው ቢለያዩ በዚህ አይለያዩም።

በአንጻሩ ሚስጥሩን የሚቆልፍ ሌላ ባህልም አለን፤ የባህል መድኃኒት አዋቂው። ቅጠሉን ጎህ ሳይቀድ ይለቅማል፣ ከሚወደው ልጁ በቀር ለማንም አይናገርም፣ ልጁ ሳይማር ከሞተ ዕውቀቱ አብሮ ይቀበራል። ሁለቱም የኛ ናቸው። የአዲስ አበባ ፎቶ ቤት የተከተለው ግን መድኃኒተኛውን እንጂ መሪጌታውን አይደለም። «ሙያ በልብ ነው» የሚለውም ተረት፣ በኔ ንባብ፣ ሳትሠራ አትፎክር ማለት እንጂ እየሠራህ አትታረም ማለት አይደለም። ቅኔ ቤት ያደጉ ሊቃውንት ያውም በዚሁ ቋንቋ እየተናገሩ አይደለም እንዴ በአደባባይ ሲታረሙ የኖሩት?

ሥዕል ከፎቶ ቀድሞ ይህን በር ከፍቷል። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ገደማ ያቋቋሙት፣ ዛሬ በስማቸው የሚጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን ገና ቀለሙ ያልደረቀ ሥራ ፊት አቁሞ ያስተቻቸዋል። ከዚያው የወጣው ሚካኤል ጸጋዬ የዘይት ቀለም ለጤናው ስላልተስማማው ወደ ፎቶግራፍ የዞረ ሰው ነው። ፎቶ አንሺ ከሆኑት ሁሉ ግን ስንቱ በዚያ በር አልፏል?

ከዚያ ኮምፒውተር መጣ። በ1987 እ.ኤ.አ. ሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ የነበረው ቶማስ ኖል ማክ ኮምፒውተሩ ላይ ግራጫ ምስል ለማሳየት የጻፋትን ፕሮግራም ወንድሙ ጆን አየው፤ ጆን የሚሠራው የፊልም ትዕይንት በሚቀነባበርበት ኩባንያ ነበር። ገና ካላለቀችው ፕሮግራም ላይ ሁለቱ ሲመላለሱበት ቆይተው አዶቢ ወሰዳት፤ ፎቶሾፕ በ1990 የካቲት ወር ላይ ለገበያ ወጣ። ጆን ለማሳያ ይዞት የሚዞረው ፎቶ ባህር ዳር የተቀመጠችውን ፍቅረኛውን ከጀርባዋ ያነሳበት ነበር። የምስሉን ፋይል ለሚያሳያቸው ሰዎች ይተውላቸው ነበር፤ እነሱም እየቆረጡ፣ እያባዙ፣ እያጠፉ ተማሩበት። ፎቶሾፕ ራሱ የተወለደው ያላለቀ ነገር ለሌላ ሰው በመስጠት ነው ብል አልተጋነንኩም።

ሁለት ነገር ደግሞ ልብ ይባል። አንደኛ፣ ዛሬ ኮልፌ ውስጥ ያለ ማንኛውም ኤዲተር በቀን መቶ ጊዜ የሚነካቸው ሁለት መሣሪያዎች፣ ዶጅ እና በርን፣ ከጨለማ ክፍል የመጡ ናቸው። የአንዱ ምልክት በሽቦ ጫፍ ላይ ያለች ክብ ነገር ናት፤ ብርሃን ለመከለል ይጠቀሙባት ነበር። የሌላው የታጠፈ እጅ ነው፤ በጣት መሐል ብርሃን የሚያሾልክ። ልጁን ጠየቅኩት፣ አያውቅም ነበር። ማን ነግሮት?

ሁለተኛው ይበልጣል። በ1994 ሦስተኛው እትም ሲወጣ ሌየር መጣ። የቀድሞው ሪታች አድራጊ መስታወቱን ሲፍቅ የፋቀው አይመለስም ነበር። በሌየር ግን እያንዳንዱ ንክኪ ለብቻው ይቀመጣል፤ ዓይኗን ምልክት ስትጫን ይጠፋል፣ ደግመህ ስትጫን ይመጣል። በታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ የፎቶ ማስተካከል ሥራ ከነሂደቱ ለሌላ ሰው ሊታይ ቻለ። እኛስ ምን አደረግንበት? ለደንበኛው ጄፔጉን ሰጥተን ፒኤስዲውን ደበቅነው። ከመርካቶ በሲዲ የተገዛ፣ ተሰብሮ የተጫነ ፎቶሾፕ ላይ የተሠራ ፒኤስዲ እንደ አያት መድኃኒት ይጠበቃል። የሰው ሶፍትዌር በነጻ ወስደን የራሳችንን ፋይል የምንቆልፍ ጉዶች ነን፤ እኔም ጋዜጠኛ ነኝ ብዬ የመጀመሪያ ረቂቄን ለማንም አላሳይምና ከጉዶቹ አንዱ ነኝ።

ሌላው ዓለም ሂደቱን ማሳየትን ወደ ግዴታ እያዞረው ነው። ዶሮቲያ ላንጅ በ1936 ያነሳቻት «ስደተኛዋ እናት» በዓለም ከታወቁ ፎቶዎች አንዷ ናት፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ጥግ ላይ የገባችው አውራ ጣት ከኔጋቲቩ ተነካክታ ጠፋች። ይህን የምናውቀው ከዚያ በፊት የታተመው ስላለ ብቻ ነው። ወርልድ ፕሬስ ፎቶ ደግሞ ወደ መጨረሻው የደረሱ ተወዳዳሪዎችን ካሜራው እንዳወጣው ያለውን ፋይል አምጡ ይላል። በ2015 ወደ ማጠናቀቂያው ከተጠጉት ሥራዎች 20 በመቶው ከልክ በላይ ተነካክተዋል ተብለው ወደቁ። እነዚህ ጀማሪዎች አይደሉም። ያላለቀውን የሚያይ ሌላ ዓይን ቀደም ብሎ ቢያገኛቸው ስንቶቹ ይተርፉ እንደነበር አስባለሁ።

እኛ ጋ ይህ ሁሉ ቅንጦት ይመስል ይሆናል። አይደለም። አይዳ ሙሉነህ በ2010 እ.ኤ.አ. የጀመረችው አዲስ ፎቶ ፌስት ወጣት ፎቶ አንሺዎች ሥራቸውን ለባለሙያ አቅርበው የሚያስተቹበት ዕድል አምጥቷል፤ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የዚህን ከተማ አብዛኛውን ፊት የሚነካው የፌስቲቫል ሰው አይደለም። ከአጠና ተራ እስከ ቤተል፣ ከ18 ማዞሪያ እስከ ዓለም ባንክ ያለው ባለ አንድ ኮምፒውተር ፎቶ ቤት ነው። ሱፍ ለሌለው ሱፍ የሚያለብሰው፣ ሟች አባትን የልጁ ሠርግ ላይ የሚያቆመው፣ የተቀደደ የጋብቻ ፎቶ የሚሰፋው እሱ ነው። የማስታወሻችን ዘበኛ ነው፤ ሥራውን ደግሞ የሚያየው ሰው የለም። አሁን ጭራሽ «አጥራ» ስትለው በሁለት ሰከንድ የሌላ ሰው ፊት ፈልስሞ የሚያስቀምጥ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ በስልኩ ገብቷል። ከደበዘዘ ጉርድ ላይ ጥርት ያለ ዓይን ያወጣል። የማን ዓይን? መስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ግድግዳ ላይ የተደረደሩትን ፊቶች አስቧቸው፤ ብዙዎቹ እንደዚያች ጉርድ ያሉ ናቸው። እነዚህ ፊቶች በየቤቱ «ሲጠሩ» አንድ በአንድ ወደማይታወቅ ሰው ሊቀየሩ ይችላሉ፤ ማንም በክፋት ሳይሆን፣ ማንም መሐል ላይ ስላላየው።

የኤዲተሮቹን ስጋት አላጣጥልም። አንደኛው «ግማሽ ሥራ ባሳይ ደንበኛ ይሄ ነው እንዴ ብሎ ይሄድብኛል» አለኝ። ሌላው «ስልቴን ጎረቤቴ ይወስደውና በሃምሳ ብር ያነሰ ይሠራል» አለኝ፤ እውነቱን ነው፣ ሲደረግ አይቻለሁ። የሰው ፊት ያለ ፈቃድ ለሌላ ማሳየትም ነውር ነው፤ የሟች ፎቶ ሲሆን ደግሞ የበለጠ። ስለዚህ በየሜዳው ይበተን አልልም። አንድ ጓደኛ፣ አንድ ታላቅ፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ ፊቱን የሚያውቀው ባለቤት ይበቃል። ስልት ይሰረቃል የሚለው ግን ብዙም አያሳምነኝም። የቅኔ ተማሪው ስልቱን ሁሉ ጓደኛው ፊት ዘርግቶ ነው የኖረው፤ ለነገ የሚቆጥረውን ግን ጓደኛው ሊወስድበት አልቻለም።

ወደ ፎቶ ቤቷ ልመለስና ልጨርስ። ልጁ የሠራው በሌየር ስለነበር ጠባሳዋን ለመመለስ የፈጀበት አንድ ደቂቃ አይሞላም። እማማ አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሌላም ነገር አሳዩት፤ የታችኛው ከንፈሩ በግራ በኩል ትንሽ ወፈር ይል ነበር፣ ልጁ አስተካክሎታል። መለሰው። ጆሮውን ሳይነካው እንዲተወው ነገሩት። ለቅሶው ረፈደባቸው።

እሳቸው ከወጡ በኋላ ተራዬ ደረሰ። አነሳኝ፣ ምስሌን ስክሪኑ ላይ ከፈተ፣ መዳፊቱን ይዞ ቆም አለና ዞር ብሎ አየኝ።

«ፊትህ ላይ የማልነካው ነገር አለ?» አለኝ።

ግንባሬ ላይ ስላለችው መስመር ትንሽ አሰብኩና ተዋት አልኩት።